የአያቴን ፊውዝ ልጣለው ወይስ ላቆየው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ቤቱን የሠሩት የባቡር ሠራተኛ የነበሩት አያቴ ናቸው። መስመሩ እስካሁን የድሮው ነው፤ ሽቦው በጨርቅ የተሸፈነ፣ ፊውዙ ነጭ ሸክላ፣ ማብሪያ ማጥፊያውም እየተጠመዘዘ የሚሠራ። በቅርቡ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን። ፊውዙ ቶሎ ቶሎ ሲቃጠል ወንድሜ ወፈር ያለ ሽቦ አደረገበት። አሁን አይቃጠልም፤ ግን ስጋግር ምጣዱ ይነዝረኛል። ባለሙያ ብንጠራ «ሁሉም ተነቅሎ ይጣል» አለ። እናቴ ደግሞ «የአባቴ እጅ ያለበት ነው» ብላ እምቢ አለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ምጣዱን ንቀዪው። ቀሪውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ።

ፊውዙ ሲቃጠል የነበረው ሥራውን ስለሚሠራ ነው። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ያ መስመር የተዘረጋው ደግሞ ለጥቂት አምፖሎች ነው። ፊውዝ ውስጥ የሚገባው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ልክ አለው፤ ለ5 አምፔር 0.2 ሚሊሜትር፣ ለ15 አምፔር 0.5 ሚሊሜትር ነው። ወንድምሽ አወፈረው ማለት ቀድሞ የሚቃጠለውን ነገር ከፊውዙ ወደ ኮርኒሱ አዛወረው ማለት ነው። እዚያ ሲቃጠል ደግሞ የሚያየው ሰው የለም።

የጨርቅ ሽቦ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ኮረንቲውን የሚከለክለው ግን ጨርቁ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጎማ ነው። ዋናው ብሬከር ይጥፋ፤ ባለሙያው በቴስተር ያረጋግጥና የአንዱን አምፖል መያዣ ፈትቶ የሽቦውን ጫፍ ቀስ አድርጎ ይጠፈው። አምፖሉ ሲያሞቀው ስለሚኖር ጎማው ቀድሞ የሚደርቀው እዚያ ነው። እንደ ድርቆሽ ከተፈረካከሰ ያ ሽቦ አልቆለታል፤ በፕላስተር መጠቅለል አያድነውም። የድሬዳዋ ሙቀትም አለ። የሽቦ አቅም ሰንጠረዥ የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ዲግሪ ነው። 40 ዲግሪ ላይ ተራ የፕላስቲክ ሽቦ እንኳ አቅሙ 13 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲሆን ይብሳል።

ባለሙያው በሽቦ ቀለም እንዳይተማመን ንገሩት። በድሮ የጀርመን አሠራር ቀይ የመሬት ሽቦ፣ ማለትም የፈሰሰ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው ነበር፤ በድሮ የእንግሊዝ አሠራር ደግሞ ፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ ነበር። አሮጌ ቤት ውስጥ ማን በየትኛው ልማድ እንደቀጠለ አይታወቅም፤ እያንዳንዱ ሽቦ ይለካ።

አሁን ወደ ንዝረቱ። ምጣድ ስትጋግሪ እጅሽ እርጥብ ነው፣ ሊጡ ይንጠባጠባል፣ ከሸክላው ሥር ያለው ሪዚስታንስ ከብረቱ አካል ሩቅ አይደለም። ሪዚስታንሱ ትንሽ ካፈሰሰ ብረቱ ኮረንቲ ይይዛል። የመሬት ሽቦ ስለሌለ መውጫው አንቺ ነሽ። «ትንሽ ነው የሚነዝረኝ» ብለሽ ጫማ አድርገሽ መጋገር እንዳትቀጥዪ፤ እባክሽ። ምጣዱ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ሦስተኛው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ደግሞ ከምጣዱ አካል እስከ መሬት። ዲቫይደር ላይ በፍጹም አይሰካ። አፈራችሁ ደረቅ ስለሆነ የመሬቱ ዘንግ እርጥበት ያለበት ቦታ ይቀበር፤ ከዚያም ይለካ። ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር አይበቃም፤ የዛሬ ቧንቧ ብዙው ፕላስቲክ ነው። በዚህ ላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር አስገቡ። የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ ያመዛዝናል፤ ልዩነት ካየ ወዲያው ይቆርጣል። ተራ ብሬከር ሽቦውን እንጂ ሰውን አይጠብቅም።

እናትሽን በተመለከተ ግን ከባለሙያው ጋር አልስማማም። ሽቦው ይነቀል እንጂ ዕቃው ለምን ይጣላል? ነጭ ሸክላ አይበሰብስም። የሚደክመው ውስጡ ያለው የነሐስ ምላስና ስፕሪንግ ነው። ማብሪያዎቹንና ፊውዙን ተጠንቅቃችሁ አውጡ፣ ጥሩ ጣውላ ላይ ግጠሟቸው፣ ሳሎን ይሰቀሉ፤ ኮረንቲ ግን አይግባባቸው። የፊውዙ ሳጥን ውስጥ ግራጫ፣ ወረቀት መሰል ንጣፍ ካለ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አትፋቁት፣ አትጥረጉት። እንዲያ ከሆነ ሳጥኑ ይቅርባችሁ።

ገንዘቡ ባንዴ ካልሞላ ከምጣዱ መስመርና ከኧርዝ ሊኬጁ ጀምሩ፤ ቀጥሎ ኮርኒሱ፣ በመጨረሻ ሶኬቶቹ። የቆጣሪውን ማኅተም ማንም እንዳይነካ፤ እሱ የመብራት ኃይል ሥራ ነው። ወንድምሽ ያስገባው ወፍራም ሽቦ ግን ዋናው ጠፍቶ ዛሬውኑ ይውጣ።