አንድ ጦር በሁለት ስልክ ሁለት ነጥብ ሲያወጣ

ወንድማችን ከሐረር የጠየቀው ይህን ነው፦ በዋርሃመር 40,000፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ የተዋጊ ቅርጾች (ሞዴሎች) በሚደረገው የጦርነት ጨዋታ፣ ያንኑ ጦር እሱ የጦር ዝርዝር (ሊስት) በሚሠራው ባትልስክራይብ በተባለ አፕ ሲሠራው 1,980 ነጥብ ወጣ፣ ድሬ ያለው ተጋጣሚው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ቆጥሮ በሌላው አፕ በኒው ሪክሩት ሲያስገባው 2,060 ሆነ። ለአንድ ጦር የተፈቀደው ጣሪያ 2,000 ነው። ማን ልክ ነው? ኔትወርክ በሌለበትስ እንዴት ይሠራል?

አቦ፣ መጀመሪያ አፑን መውቀሱን ተወው። ሁለቱም አፖች በራሳቸው ነጥብ አያውቁም። ነጥቡ ያለው ዳታ ፋይሎቹ ውስጥ ነው። እነዚህን የሚጽፉት ጊትሃብ በሚባለው የፋይል ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ቢኤስዳታ በሚል ስም የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኛ ተጫዋቾች ናቸው እንጂ የጨዋታው አምራች ጌምስ ወርክሾፕ አይደለም። ኩባንያው ሙኒቶረም ፊልድ ማንዋል የሚለውን የነጥብ ሰነድ በነፃ በፒዲኤፍ ያወጣል፣ በዓመት ውስጥም ደጋግሞ ይቀይረዋል። በጎ ፈቃደኞቹ ያንን እያዩ ይገለብጣሉ። ስለዚህ ፒዲኤፉ የወጣበት፣ ፋይሉ የታረመበትና ስልክህ አፕዴት ያደረገበት ቀን ሦስቱም ሊለያዩ ይችላሉ። ክርክር ሲነሳ የሚዳኘው ፒዲኤፉ ነው።

አሁን ወደ ልዩነቱ። ሁለቱን ሊስቶች ጎን ለጎን አድርገህ ዩኒት በዩኒት (ዩኒት ማለት በአንድነት የሚሰለፉ ሞዴሎች ቡድን ነው) አስተያይ፤ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ማየት የትም አያደርስም። ልዩነቱ እዚህ 5፣ እዚያ 10፣ ሌላ ቦታ 15 እያለ የተበታተነ ከሆነ የዳታው ቀን ነው። ሁሉም አንድ ዩኒት ላይ ከተከመረ ግን የሞዴል ቁጥር ነው። ያንተው 80 ነጥብ ይህን ይመስላል። ከ2023 የጀመረው 10ኛው እትም ነጥብን በእያንዳንዱ ሞዴል ሳይሆን በተወሰነ የሞዴል ቁጥር መደብ ነው የሚያስከፍለው። ለምሳሌ አንድ ዩኒት በ5 ሞዴል 80፣ በ10 ሞዴል 160 ከተባለ፣ 6 ሞዴል ያስቀመጠ ሰው የሚከፍለው 160 ነው። 96 የሚባል ነገር የለም። አፑ ላይ 5 ብለህ መዝግበህ ጠረጴዛ ላይ ስድስተኛውን «ተሠርቶ ተቀምጧል እኮ» ብለህ ከጨመርክ፣ 80ዋ ከዚያ ነው የመጣችው። በድሮዎቹ እትሞች የለመደ ሰው እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይሳሳታል። መፍትሔው ስድስተኛውን ሳጥን ውስጥ መመለስ ነው።

ባትልስክራይብን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ተወው። ሠሪው ማዘመኑን ካቆመ ቆይቷል። ሊስትህን ስሙ መጨረሻ ላይ «ሮስዜድ» ባለው ፋይል አውጣና ኒው ሪክሩት ላይ አስገባው። ካስገባህ በኋላ ግን እያንዳንዱን ዩኒት ከፍተህ እይ። በአዲሱ ዳታ የተሰረዘ ወይም የተቀየረ ምርጫ ሳይመጣ ይቀራል፣ መሣሪያም ወደ መነሻው ይመለሳል። በ10ኛው እትም መሣሪያ ነጥብ ስለማያስከፍል ድምሩ አይነቃነቅም፤ ስህተቱን የምታውቀው ተጋጣሚህ «ሊስትህ ላይ እኮ ሜልታ መሣሪያ የለም» ሲልህ ነው።

አሁንም ባትልስክራይብ ላይ የሙጥኝ ካልክ አንድ ነገር አትርሳ። አንዱን የጦር ፋይል ብቻ ከጓደኛ በዜንደር ተቀብሎ መጫን ሊስት ያበላሻል። ፋይሎቹ እርስ በርስ ይጠራራሉ፦ የስፔስ ማሪን ጦር ንዑስ ቡድኖች (ቻፕተሮች) ዋናውን የስፔስ ማሪን ፋይል ይፈልጋሉ፣ ሁሉም ደግሞ የጨዋታውን መሠረታዊ ፋይል። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን ዩኒቶች ይጠፋሉ ወይም ባዶ ሆነው ይመጣሉ። የምትቀበል ከሆነ ሙሉ ፎልደሩን ተቀበል።

ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ አትደንግጥ። አብዛኛው የሚመጣው የጨዋታውን መጠን፣ ዲታችመንቱን (የጦሩን ልዩ ሕግ ስብስብ) ወይም ዋርሎርዱን (የጦሩን አዛዥ) ካለመምረጥ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ኢንሃንስመንት (ለመሪ በነጥብ የሚወሰድ ተጨማሪ ችሎታ) ነው፦ በ10ኛው እትም ከሦስት አይበልጥም፣ አንዱ ሁለት ጊዜ አይወሰድም፣ ለኤፒክ ሂሮ (የራሱ ስም ላለው ጀግና) አይሰጥም። ተመሳሳይ ዩኒት ደግሞ በ2,000 ጨዋታ እስከ 3፣ ባትልላይን (የጦሩ መደበኛ ተዋጊ) ወይም ዴዲኬትድ ትራንስፖርት (የዩኒት ማጓጓዣ) ከሆነ እስከ 6 ነው። ቀይ የለም ማለት ግን ሊስቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የትኛው መሪ ከየትኛው ዩኒት ጋር እንደሚሄድ ዩኒቱን ከፍተህ ራስህ አንብብ።

ስለ ኔትወርክ፦ ኒው ሪክሩትን ዋይፋይ ባለበት ክፈተው፣ ጨዋታውንና ጦርህን ጫን፣ ሊስቱን አንዴ ክፈት። ከዚያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርገህ እንደገና ክፈተው። ከተከፈተ ድሬ ከዚራ ሰፈር ካፌ ውስጥም ይከፈትልሃል፤ ካልተከፈተ ቤትህ ሳለህ ማወቅህ ይሻላል። አካውንት ሳትከፍት ከሠራህ ሊስቱ ብሮውዘሩ ውስጥ ብቻ ስለሚቀመጥ ብሮውዘሩን ስታጸዳ አብሮ ይሄዳል። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር የሠራኸውንማ እንደወጣህ እርሳው። ሁልጊዜ በጽሑፍ መልክ አውጥተህ ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ አስቀምጥ። ይህች ጽሑፍ ዳታው ከተቀየረ በኋላም የድሮውን ነጥብ ታሳይሃለች፤ አፑ ግን አዲሱን ይደምርና ትናንት 2,000 የነበረውን ዛሬ 2,015 ይልሃል። ያኔ አንድ ሞዴል ቀንሰህ አትድንም፣ መደቡ አይፈቅድልህምና። ቀላሉ አንድ ኢንሃንስመንት ማውጣት ወይም በርካሽ መቀየር ነው።

ለማተም ፎቶ ኮፒ ቤት «ሮስዜድ» ይዘህ አትሂድ፣ ማንም አይከፍትልህም። ፒዲኤፍ አድርገህ ሂድ፤ ለተጋጣሚ የሚሰጠውን በአጭሩ፣ ሙሉ የመሣሪያ ሰንጠረዡን ለራስህ ብቻ። ሁለቱንም በሙሉ ካተምክ ለወረቀት ብዙ ታወጣለህ፣ ቬንትሌተሩም ይበትነዋል።

ለቡድናችን የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለኝ። ከሐረር ደንገጎን ወርዶ የሚመጣ ሰው ጠዋት አፕዴት ስለመጣ ብቻ ሊስቱ ሊወድቅበት አይገባም። ቅዳሜ ከተጫወትን ሐሙስ ማታ ያለው ፒዲኤፍ ይጽና፣ ሊስቶችም ያን ማታ በጽሑፍ እዚሁ ይለጠፉ።

ፋይሉ ራሱ ከፒዲኤፉ ጋር ካልተስማማ ደግሞ እዚህ ከምንነጫነጭ ጊትሃብ ላይ የዚያን እትም ማኅደር ከፍተን እናሳውቅ። «ነጥቡ ተሳስቷል» ብቻ አይበቃም። የጦሩ ስም፣ የዩኒቱ ስም፣ አፑ ያሳየው ቁጥር፣ ፒዲኤፉ ያለው ቁጥር ከነገጹ ይጻፍ፣ ሊስቱም ይያያዝ። እንዲህ ተሟልቶ ሲቀርብላቸው ማስተካከሉ የአንድ ቁጥር ለውጥ ብቻ ይሆናል።