ሳይቤሪያ ላይ ክረምት መቼ ይገባል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በቀደም ስለ ሩሲያ ሳስተምር "ባይካል ሐይቅ በክረምት በረዶ ይሆናል" አልኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ሐምሌ ላይ ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። በእረፍት ሰዓት ለባልደረባዬ ሳጫውተው "በጋ ነው መባል ያለበት፤ ታኅሣሥና ጥር እኮ በጋ ናቸው" አለኝ። በጋ ማለቱ ግን አልዋጥልኝ አለ። የቱ ነው ልክ? ደግሞስ ከሰማይ የሚወርደውም፣ ሐይቁ ላይ የሚጋገረውም ሁሉ በረዶ ነው?

መልስ፦ መምህርት፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለሐዋሳ ልጅ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ባይካል በረዶ የሚሆነው ጥር ላይ እንደሆነ ከየት ታውቃለች?

በአማርኛ ክረምት መጀመሪያ የዝናብ ስም ነው። ብርዱ ዝናቡን ተከትሎ የመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያል። በዚህ ሰሞን የዝናቡ ቀበቶ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ በኩልም እርጥብ ነፋስ ይገባል። ደመናው ፀሐይን ስለሚከልል ቀኑ ይቀዘቅዛል። ሌሊቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ደጋው ላይ ውርጭ ሰብል የሚመታው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ያጣዋል። እንግዲህ እዚሁ አገራችን ውስጥ እንኳ ኃይለኛው የሌሊት ብርድ ክረምት ላይ አይደለም።

ታዲያ ክረምትን ለአውሮፓ የብርድ ወራት መጠቀም ከየት መጣ? አንዱ መንገድ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በዮሐንስ ወንጌል የመቅደስ መታደስ በዓል ሲነሳ "ክረምትም ነበረ" ይላል። በዓሉ የሚውለው ታኅሣሥ አካባቢ ነው። ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም። በኢየሩሳሌም ብርዱና ዝናቡ አብረው ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ቃሉ ልክክ ብሎ ገጥሟል። ችግሩ የመጣው ያው ቃል ወደ ሞስኮና ወደ ሳይቤሪያ ሲሻገር ነው።

ባይካል አጠገብ ያለችውን ኢርኩትስክን እንይ። ይህች ከተማ አብዛኛውን ዝናቧን የምታገኘው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው፤ ጥር ላይ ሰማዩ በጣም ደረቅ ነው። በዝናቡ ከሄድን የኢርኩትስክ ክረምት ሐምሌ ላይ ይውላል። ልጅቷ ሳታስበው ትልቅ ነገር ነክታለች።

ባልደረባዎም በድርቀቱ በኩል እውነት አለው። ግን በጋ ሲባል ድርቀቱ ብቻ አይደለም የሚታየን። ፀሐይ አለ፣ አቧራ አለ፣ አውድማ አለ። የሳይቤሪያ ከተማ በሆነችው ያኩትስክ ውስጥ የጥር ወር አማካይ ብርድ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን በጋ ብሎ መጥራት አድማጭን ያሳስታል። ወርን ተከትሎ መሰየምም የራሱ ጣጣ አለው፤ ያው ጥር ለሞስኮ የብርድ፣ ለሲድኒ የሙቀት ወር ነው።

እኛም አገር ቢሆን ክረምት ለሁሉም እኩል አይሠራም። ቦረና ላይ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ አነስ ያለው ይመጣል። ሰሜኑ በዝናብ ሲርስ እነሱ ደረቅ ወቅት ላይ ናቸው። ሐዋሳ መሃል ላይ ናት፤ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ወጣ ገባ እያለ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ይህን ለተማሪዎችዎ ቢያነሱላቸው ደስ ይለኛል፤ በራሳቸው ደጅ የሚያዩት ነገር ነውና።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ክፍል ውስጥ "የብርድ ወራት" ይበሉ፤ ወራቱንም ይጥሩ። ለተቃራኒው "የሙቀት ወራት" ይበቃል። ክረምት ስም ሆኖ የጸናበትን ግን አይንኩት። የክረምት ኦሎምፒክ ያው የክረምት ኦሎምፒክ ነው። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር በእኛ አቆጣጠር የካቲት ነበር፤ ስሙን ግን ማንም በጋ ብሎ አልቀየረውም። ጸደይ የሚለውንም ሲጠቀሙ ወሩን አብረው ይጥቀሱ፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመጋቢት 26 ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው፣ ብዙ ሰው ግን መስከረምና ጥቅምትን ጸደይ ይላል።

ወደ በረዶው ልምጣ። ሐዋሳ ላይ በረዶ የምንለው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። እሱ ደመና ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል እየተንገላታ፣ ውሃ በላዩ እየደረበ የጠነከረ ጠጠር ነው። የሩሲያው ድምፅ የለውም፤ እንደ ባዘቶ ብን ብን እያለ ይወርዳል። አማርኛ ለዚህ አመዳይ የሚል ቃል አለው። በትንቢተ ኢሳይያስ ኃጢአት "እንደ አመዳይ ትነጻለች" የተባለው ይኸው ነው። በአንዳንድ ቦታ ለውርጭም ይውላል። ቃሉ እየተረሳ መሄዱ ያሳዝነኛል፤ እባክዎ አንዴ ትርጉሙን ነግረው ይጠቀሙበት። በረዶ የሚለውን ለጠጠሩና ውሃው ላይ ለሚጋገረው ይተዉት።

ባይካልን ሲያስተምሩ ደግሞ ከራሳችሁ ሐይቅ ይጀምሩ። ሁለቱም በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ናቸው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ 22 ሜትር ገደማ ሲሆን የባይካል 1,642 ሜትር ነው፤ በዓለም ላይ ከእሱ የሚጠልቅ ሐይቅ የለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋታለሁ፦ "በሳይቤሪያ የብርድ ወራት አመዳይ ምድሩን ይሸፍናል፤ ባይካል ሐይቅም ከጥር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ላዩ በረዶ ሠርቶ ይቆያል።"