ፖፖ ለምዳ ነበር፤ አሁን ግን ልብሷ ላይ ትሸናለች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ልጄ ሦስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ዳይፐር ከተወች አምስት ወር አልፏታል። "ሽንቴ መጣ" እያለች ራሷ ሄዳ ፖፖዋ ላይ ትቀመጥ ነበር። ወንድሟ ከተወለደ ወዲህ ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ልብሷ ላይ ትሸናለች። ካካዋ ሲመጣ ፖፖ ላይ አልቀመጥም ብላ መጋረጃ ጀርባ ትደበቃለች፣ ዳይፐር አድርጉልኝ ብላም ታለቅሳለች። አንዳንዴ ካካ ሳትል ሦስት አራት ቀን ትቆያለች፤ በመሀል ደግሞ ፓንቷን ትንሽ ትንሽ ታቆሽሻለች። አባቷ "ሆን ብላ ነው፣ ቅናት ነው" ይላል። እኔም ትዕግሥቴ አልቆ ጮህኩባት፤ አንድ ቀንም መታኋት። ከዚያ በኋላ ባሰባት። ዳይፐሩን ልመልስላት ወይስ ቆጣ ብዬ ልቀጥል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እናት። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሽንቱ ጽፈዋል፣ ስለ ወንድሟም ጽፈዋል። ዓይኔ ያረፈው ግን በመሀል ጣል አድርገው ባለፉት ነገር ላይ ነው። ካካ ሳትል ሦስት አራት ቀን ትቆያለች፤ ፓንቷን ደግሞ ትንሽ ትንሽ ታቆሽሻለች። ልጅዎ የሆድ ድርቀት ያለባት ይመስለኛል። እሷን ሳላይ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ቢሆንም ከሌላው ሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ክፉ ቀን ነው። ካካዋ ደርቆ ይወጣና ያማታል። ምናልባት ፊንጢጣዋ አካባቢ ትንሽ ተሰንጥቆም ይሆናል። የሦስት ዓመት ልጅ ከዚህ የምትረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካካ ያማል። በማግስቱ ሲመጣባት ትይዘዋለች። ስትይዘው ስሜቱ ለጊዜው ይጠፋል። ካካው ግን እዚያው ነው። አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይበልጥ ይደርቃል፣ ይበልጥ ይተልቃል። በመጨረሻ ሲወጣ ከበፊቱ የባሰ ያማታል። ከዚያ በኋላ ፖፖ ላይ ተቀመጪ ማለት ለእሷ የሚያም ቦታ ሂጂ ማለት ነው።

መጋረጃ ጀርባ ስትደበቅ አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ይዩዋት። በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ ጉልበቷን ገትራ፣ ቂጧን ጭምቅ አድርጋ፣ ፊቷ ቀልቶ ሊያገኟት ይችላሉ። ብዙ ወላጅ ይህን ሲያይ "እያማጠች ነው" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እየያዘች ነው። እንዳይወጣ ያላትን ጉልበት ሁሉ እየተጠቀመች ነው።

የፓንቱ ነገርስ? አንድ ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ "ተቅማጡ አልቆም አለ" ተብሎ ወደ እኔ መጣ። ሆዱን ስዳስሰው በግራ በኩል ከታች ጠንካራ፣ ድብልብል ያለ ነገር እጄ ላይ መጣ። ተቅማጥ የመሰለው ነገር በደረቀው ካካ ጎን ሾልኮ የሚወጣ ፈሳሽ ነበር። የድርቀት መድኃኒት ስጽፍለት ወላጆቹ በጣም ግራ ገባቸው። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ሆዱን ባልነካ ኖሮ እንደ እነሱ አስብ ነበር።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲያመልጠው አይሰማውም። የአንጀቱ መጨረሻ ለረጅም ጊዜ ተለጥጦ ስለሚቆይ "ሞላ" የሚለውን መልእክት በደንብ አያስተላልፍም። ሽታውንም አፍንጫው ለምዶታል። ስለዚህ ለአባቷ ይንገሩልኝ፤ "ሆን ብላ ነው" የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

ሽንቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሦስት ዓመት ልጅ የሽንት ፊኛ የሚይዘው በግምት 120 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ ገደማ ማለት ነው። ፊኛው ያለው ደግሞ ከአንጀቱ መጨረሻ ፊት ለፊት፣ ተጠግቶ ነው። አንጀቱ በደረቅ ካካ ሲሞላ ፊኛውን ይገፋዋል። ያኔ ትንሽ እንደሞላ ሳይታሰብ ያመልጣል፤ አንዳንዴም በደንብ ሳይራገፍ ይቀራል። ሽንት ፊኛው ውስጥ ሲቀር ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ድርቀቱ ታክሞ ብቻ ሽንታቸው ማምለጥ ያቆመ ልጆች ብዙ ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ሐኪም ይያት። ሆዷን ይዳስሳል፣ የሽንት ምርመራም ያዛል። ድርቀት ከሆነ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማክሮጎል ወይም ላክቱሎዝ ያለ ካካን የሚያለሰልስ መድኃኒት ነው። ውሃ ወደ ካካው እየሳበ ያለሰልሰዋል። መጠኑን ሐኪሙ በክብደቷ ልክ ይወስናል። "አንጀቷ ይለምደዋል" ብለው አይስጉ። እኔ በተደጋጋሚ የማየው ስህተት ሌላ ነው። መድኃኒቱ በሳምንት ሲሠራ ወላጅ ተሻላት ብሎ ያቆመዋል። የተለጠጠ አንጀት ወደ ቦታው ለመመለስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቢያንስ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። የሚቆመውም ቀስ በቀስ ነው። ግባችን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለስላሳ ካካ ነው። እንደ ፍየል በጠጥ ድብልብል ሆኖ የሚወጣ ከሆነ በየቀኑም ቢሆን ድርቀት ነው። በራስዎ ውሳኔ በፊንጢጣ የሚገባ ነገር አይሞክሩ፤ ፍርሃቷን ያብስባታል።

ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይረዳሉ። ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር ብዙም ባይበልጥ ይመረጣል። አንዴ ለተያዘ ድርቀት ግን ምግብ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ ዳይፐሩ ልምጣ። ለካካ ከሆነ፣ አዎ፣ ለጊዜው ያድርጉላት። ይህን ስል የሚደነግጥ ወላጅ አይጠፋም። ነገር ግን አሁን ከምንም በላይ የምንፈልገው እንዳትይዘው ነው። መያዟ ከቀረ ፖፖው ተመልሶ ይመጣል። ዳይፐሩን ስትጠይቅ "እሺ፣ ነይ መታጠቢያ ቤት ሄደን እናድርግልሽ" ይበሏት፤ ካካዋንም እዚያው ትበል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳይፐሩን እንዳደረገች ፖፖ ላይ ትቀመጥ። ቀጥሎ ዳይፐሩ ላላ ይበል። በመጨረሻ ፖፖው ውስጥ ይነጠፍ። እያንዳንዱ እርምጃ ሳምንት ቢወስድም ምንም አይደለም። ለቀኑ ሽንት ግን ፓንቷን ትቀጥል። በቀን ሁለት ሦስቴ ማምለጥ ሁሉን ነገር ከዜሮ ለመጀመር አያበቃም።

"ሽንትሽ መጥቷል?" ብለው አይጠይቋት። ጨዋታ ላይ ያለ ልጅ መልሱ ሁልጊዜ "አይ" ነው። በየሁለት ሰዓቱ "አሁን የፖፖ ሰዓት ነው" ብለው ይዘዋት ይሂዱ። ከምግብ በኋላ ደግሞ ለአምስት ደቂቃ ትቀመጥ። ሆድ ምግብ ሲገባበት አንጀት መንቀሳቀስ ስለሚጀምር ያ ሰዓት ጥሩ ነው። እግሯ አየር ላይ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ማረፊያ ያድርጉላት፤ ጉልበቷ ከዳሌዋ ትንሽ ከፍ ይበል። እርስዎ እግርዎ መሬት ሳይነካ ቢቀመጡ ማማጥ ይቸግርዎት ነበር። ካካ ባትልም ስለተቀመጠች ብቻ አመስግኗት።

ሲያመልጣት ደግሞ ድምፅዎን ሳይቀይሩ "አመለጠሽ አይደል? ነይ ልብስ እንቀይር" ብቻ ይበሉ። ከዚያ ያለፈ ንግግር አያስፈልግም። እንግዳ ፊት አይንገሩባት፤ ከእኩዮቿ ጋርም አያወዳድሯት።

መምታቱን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ቁጣና ዱላ ለዚህ ችግር መድኃኒት ሳይሆኑ የችግሩ አካል ናቸው። የፈራ ልጅ ሰውነቱ ይኮማተራል፤ ካካና ሽንት ለማስወጣት ደግሞ ጡንቻ መላላት አለበት። ለዚህም ነው ከዚያን ቀን በኋላ የባሰባት። አራስ ይዘው፣ እንቅልፍ አጥተው፣ በቀን ሦስቴ የተሸናበት ልብስ ማጠብ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዛሬ ማታ አጠገቧ ቁጭ ብለው "ጮኼብሻለሁ፣ መትቼሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ አልመታሽም" ይበሏት። በሦስት ዓመቷም ይገባታል።

የወንድሟ መወለድ ምንም ሚና የለውም እያልኩ አይደለም። አዲስ ሕፃን፣ ቤት መቀየር፣ መዋዕለ ሕፃናት መጀመር ወይም የወላጆች ጭቅጭቅ የለመደ ልጅን ወደኋላ ሲመልሱ እናያለን። እስቲ በእሷ ዓይን ይዩት። ሕፃኑ ዳይፐር በተቀየረለት ቁጥር እናት ጎንበስ ብላ ፊቱን ታየዋለች፣ ታወራዋለች፣ እግሩን ትስመዋለች። ይህ በቀን ስምንት፣ አሥር ጊዜ ይደጋገማል። ዳይፐር አድርጉልኝ ስትል የምትጠይቀው ያንን ሊሆን ይችላል። አባቷ ሕፃኑን ይያዝና በቀን አሥር ደቂቃ እርስዎ ከእሷ ጋር ብቻ ይሁኑ። ስልክ ሳይኖር፣ ስለ ፖፖም ሳይነሳ፣ እሷ የመረጠችውን ጨዋታ ይጫወቱ።

ስለ ሌሊቱ ምንም አልጻፉም። አልጋ ላይ የምትሸና ከሆነ በዚህ ዕድሜ አያሳስብዎ። አምስት ዓመት ከሞላቸው 100 ልጆች ውስጥ እንኳ 15 ያህሉ ሌሊት ይሸናሉ።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ መታየት ያለባቸው ነገሮችም አሉ። ስትሸና የምታለቅስ ከሆነ፣ ትኩሳት ካላት ወይም ሽንቷ ከደፈረሰ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ውሃ አልጠግብ ካለች፣ ቶሎ ቶሎ ከሸናችና ከከሳች በዚያው ቀን ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ይለካ። በልጆች ላይ የስኳር በሽታ አንዳንዴ የሚጀምረው የለመደ ልጅ እንደገና መሽናት በመጀመሩ ነው። ማስመለስና ድብታ ከተጨመረበት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ሆዷ ከተነፋ፣ ካካዋ ላይ ደም ካዩ፣ አረማመዷ ከተቀየረ፣ ወይም ከወገቧ በታች ጎድጎድ ያለ ቦታ ወይም የፀጉር ቁጥቋጦ ካለ ለሐኪሙ ያሳዩ። ለመናገር የሚከብድ አንድ ነገርም አለ። አንድን ሰው ለይታ የምትፈራ ከሆነ ወይም ብልቷ አካባቢ ቁስል ካዩ ሳያፍሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። ማምለጡ ብቻውን የዚህ ምልክት አይደለም።

ሐኪም ጋ ከመሄድዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ። ካካ ያለችበትን ቀን፣ ደረቅ ወይም ለስላሳ መሆኑን፣ ሽንት ያመለጣትን ሰዓት ይጻፉ። የካካውንም ፎቶ በስልክዎ ያንሱ። ለማሳየት አይፈሩ፤ እኛ የሕፃናት ሐኪሞች በየቀኑ የምናየው ነው፣ ከብዙ ገለጻም በላይ ይጠቅመናል።