የምንጃርን ጤፍ በብሎክቼይን ለመከታተል

ወንድማችን የጠየቀው «አዲስ አበባ ላይ በምንጃር ማኛ ስም የሌላ ቦታ ጤፍ እየተሸጠ ማኅበራችንን አስቸግሯል፤ ብሎክቼይን መፍትሔ ይሆናል ወይ?» ብሎ ነው።

በከፊል ይሆናል። ብሎክቼይን፣ ማለትም ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ የጋራ ዲጂታል መዝገብ፣ አንዴ የተጻፈው በኋላ እንዳይነካካ ይጠብቃል እንጂ ጆንያው ውስጥ ያለው ጤፍ የየት እንደሆነ አያውቅም። ሚዛኑ ላይ ያለው ሰው የሌላ ቦታውን ጤፍ «የአረርቲ (የምንጃር) ነው» ብሎ ካስገባ ውሸቱም አይፋቅም።

ስለዚህ ዋናው ሥራ መረከቢያው ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ርክክብ ቁጥር ስጡ፤ ቀበሌው፣ ክብደቱ፣ እርጥበቱና ቀኑ ይግባ፤ ያስረከበውም የተረከበውም በየስልኩ ያጽድቅ። የገበሬው ማሳ ስፋት ቀድሞ ይመዝገብ፤ ከግማሽ ሄክታር 40 ኩንታል ጤፍ አይወጣምና ሲስተሙ ያኔውኑ ይጠይቅ። በትክክል 40 ኩንታል የገባበት የርክክብ ቁጥር ደግሞ ባለ 50 ኪሎ 81ኛ ጆንያ እንዳያወጣ ይከልክል። ሲበጠር የሚወጣውን ገለባና አፈር መዝኑ። ብዙ ሰው ይህን ይንቀዋል፤ ያልተመዘገበው ጉድለት ግን በሌላ ቦታ ጤፍ መሙያ ቀዳዳ ይሆናል።

ኪውአር ኮድ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ፎቶ አንስቶ መቶ ጆንያ ላይ መለጠፍ ይቻላል። ለየጆንያው የተለየ ቁጥር ይኑር፣ እንደ ሞባይል ካርድ በሚፋቅ ቀለም ይሸፈን፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ «ቀድሞ ተነቧል» ይበል። መለያውን ከጆንያው አፍ ጋር አብራችሁ ስፉት፤ ሲከፈት ይቀደድ።

የገበሬውን ስምና ፎቶ ሰንሰለቱ (ብሎክቼይኑ) ላይ አትጫኑ፤ በኋላ ማጥፋት አይቻልም። ሰነዱ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፤ ሰንሰለቱ ላይ የሚወጣው 64 ምልክት ያለው የኤስኤችኤ-256 ሃሽ፣ ማለትም ከሰነዱ ተሰልቶ የሚወጣ አጭር የጣት አሻራ መሰል ኮድ፣ ብቻ ይሁን። አንድ ፊደል ከተለወጠ ሃሹ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። አንዱ «ሀገረ ማርያም»፣ ሌላው «ሃገረ ማርያም» ብሎ ከጻፈ ማመሳከር ስለማይቻል ለቀበሌና ለወረዳ ኮድ ተጠቀሙ። ቀኑም በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይሁን።

መዝጋቢው ማኅበሩ ብቻ ከሆነ ግን የራሳችሁን ሰንሰለት መገንባት በከንቱ ገንዘብ መጨረስ ነው። ተራ ዳታቤዝ ያዙና የየቀኑን ሃሽ ኦፕንታይምስታምፕስ በተባለው ነፃ የጊዜ ማኅተም አገልግሎት ቢትኮይን ሰንሰለት ላይ አሳርፉ፤ ቀን ወደኋላ ያስቆጠረ ይያዛል። ማኅበሩ፣ ዩኒየኑ፣ ወፍጮ ቤቱና ሻጩ ሁሉም የሚጽፉ፣ እርስ በርስም የማይተማመኑ ከሆነ ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ የተባለው፣ የተፈቀደላቸው ድርጅቶች ብቻ የሚጽፉበት ብሎክቼይን ይሻላል። ራፍት በተባለው የኖዶች (መዝገቡን የሚይዙ ኮምፒውተሮች) መስማሚያ አሠራር ሦስት ኖድ የአንዱን፣ አምስት ኖድ የሁለቱን መውደቅ ይችላል። ሦስቱንም ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ውስጥ ብትደረድሯቸው መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

የአሜሪካው ቸርቻሪ ዋልማርት በብሎክቼይን ሙከራው የማንጎን መነሻ ማወቂያ ጊዜ ከ7 ቀን ወደ 2.2 ሰከንድ ያወረደው አቅራቢዎቹን ማስገደድ ስለሚችል ነው ባይ ነኝ። የመርከብ ድርጅቱ ሜርስክና የቴክኖሎጂ ኩባንያው አይቢኤም የጭነት መከታተያ ብሎክቼይን ትሬድሌንስ ግን ኢንዱስትሪው በሚፈለገው መጠን ስላልተባበረው ሊዘጋ መሆኑ በ2022 እ.ኤ.አ. ተነገረ። እናንተም ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ወፍጮ ቤቱን አነጋግሩ። እሱ ካልገባ ጆንያው በተከፈተ ቅጽበት ክትትሉ ያበቃል፤ እንዲያ ከሆነ ዱቄቱን ትታችሁ በጆንያ በሚሸጠው ብቻ ጀምሩ።