ስኮፑን ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦ አስገቡበት

እህቴ፣ «ሆስፒታላችን ለአስቸጋሪ ኢንቱቤሽን ፋይበርኦፕቲክ ስኮፕ ሊገዛ ነው፣ ሦስት አቅራቢዎች ናሙና አምጥተዋል፣ በምን እንመዝናቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለማያውቀው ሰው፦ ኢንቱቤሽን የመተንፈሻ ቱቦ ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ማስገባት ነው፤ ስኮፑ ደግሞ ቱቦው ተሰክቶበት መንገዱን እያሳየ የሚመራው ቀጭን ተጣጣፊ መመልከቻ ነው። ከደረሰብኝ ተነስቼ ልመልስልሽ።

በምስሉ ጥራት አትወስኑ። አቅራቢው ሲያሳያችሁ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ምራቅና ደም ሲነካው ነው ልዩነቱ የሚወጣው።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ጥሩ ስኮፕ ተገዝቶልን በጣም ተደስተን ነበር። ወራት ሳይቆይ ምስሉ ደበዘዘ። ለካ ሽፋኑ በጥቂቱ ተበስቶ ኖሯል፤ ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ከመነከሩ በፊት መሠራት ያለበትን የሊክ ቴስት (ሽፋኑ እንዳልተበሳ የሚፈተሽበትን) ደግሞ ማናችንም አልሠራንም፣ መሞከሪያው ራሱ ከዕቃው ጋር አልተገዛማ! ፈሳሽ ገባበት። ለጥገና ተልኮ በዚያው ቀረ። በዚያ መሃል መንጋጋው ተጣብቆ አፉ አንድ ጣት እንኳ የማያስገባ ወጣት መጣ። ሪፈር ጽፈን ሸኘነው። እናቱ «እዚህ አይሆንም ወይ?» ያለችኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ማን ያጥበዋል፣ በምን ያጥበዋል፣ ሲበላሽ የት ይጠገናል የሚለውን ነው። ባዮሜዲካሉን (የሕክምና መሣሪያ ጠጋኙን) እና ዕቃውን የምታጥበውን ሠራተኛ ግምገማው ላይ አስቀምጧቸው። የድሮዎቹ ስኮፖች ምስሉን የሚያመጡት በሺዎች በሚቆጠሩ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች ነው፤ አንድ ክር በተሰበረ ቁጥር ምስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። አዳዲሶቹ ጫፋቸው ላይ ካሜራ አላቸው። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትም አለ፤ እጥበት የለበትም፣ ግን በየታካሚው ወጪ ነው፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። የዓመት ታካሚያችሁን ቆጥራችሁ አስሉት።

ቀጥሎ ውፍረቱ። 4 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ለአዋቂ ይሆናል። ቱቦው ከስኮፑ በጣም ከሰፋ ማንቁርት ላይ ይያዛል፤ ያኔ ትንሽ መለስ አድርገሽ ወደ ግራ 90 ዲግሪ አዙሪው፣ ብዙ ጊዜ ይገባል። ለሕፃናት ቀጭኑ ያስፈልጋል። በጣም ቀጭኖቹ ግን ብዙውን ጊዜ ምራቅና ደም መምጠጫ የላቸውም፣ ይህን ሳታረጋግጡ እንዳትፈርሙ።

ሙከራውን በማኒኪን (በመለማመጃ አሻንጉሊት) ላይ ሁላችሁም ሥሩ፣ በተለይ ልምድ የሌላቸው። ሰዓት ያዙ። «የድምፅ አውታሩን አየሁት» ያለ አልጨረሰም። ቱቦው ገብቶ ሳንባው ሲነፋ ነው የሚቆጠረው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፦ ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ (በአፍ ገብቶ ማንቁርትን በካሜራ የሚያሳይ መሣሪያ) ከሌላችሁ እሱን አስቀድሙ። አፉ የሚከፈት ታካሚ ላይ አብዛኛውን ችግር ይፈታል፣ ለመልመድም ይቀላል። አፍ አልከፈት ሲል ግን በአፍንጫ የሚገባውን ተጣጣፊ ስኮፕ አይተካውም። እ.ኤ.አ. በ1967 መርፊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም መጀመሪያ ሲሞክረው እንኳ መገጣጠሚያዋን የሚያደርቅ የስቲል በሽታ የነበረባት ታካሚ ላይ ነበር፣ ያውም ለሐሞት ቧንቧ በተሠራ ስኮፕ። እኛ አገር ደግሞ አንገትና ፊቱ በቃጠሎ የተጨማደደ፣ ኖማ (አፍና ፊትን የሚበላ በሽታ) መንጋጋውን የዘጋበት ሰው ይመጣል። እነዚህን ነቅተው እያሉ፣ በሊዶኬይን በደንብ አደንዝዞ ማስገባት ነው የሚያዋጣው። ለዚህ ደግሞ እጅ መለማመድ አለበት፤ ስኮፑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ከከረመ ጭንቅ ቀን ላይ ማንም አይደፍረውም።

ነገ አቅራቢዎቹን የሊክ መሞከሪያው በዋጋው ውስጥ እንዳለ ጠይቂያቸውና ያሉሽን እዚሁ ጻፊልን።