«ጉበት የሚያጸዳ» ሻይና እርግዝና፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

ነፍሰ ጡር ሴት ዕፅዋትን ለጉበቷ ብላ ብትወስድ ይጠቅማት ወይስ ይጎዳት እንደሆነ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በርክተውብናል። ስድስቱን መርጠናል። ሁለቱ ጥያቄዎች ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋሉ፤ የቀሩትን ባጭሩ አልፈናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከማርገዜ በፊት ጉበት ያጸዳል የተባለ እንክብል በቀን ሁለት ጊዜ እውጥ ነበር። ውስጡ ሚልክ ቲስል፣ ዳንዴሊዮንና አርቲቾክ የሚባሉ ዕፅዋት አሉበት። ከተፈጥሮ የተሠራ ስለሆነ ልቀጥልበት?

መልስ፦ አይቀጥሉ፤ እስኪወልዱ ድረስ ያቁሙት። ጉበት ታጥቦ እንደሚጠራ ወንፊት አይደለም። መርዛማውን ነገር ይዞ አያስቀምጥም፤ ቀይሮ በሐሞትና በሽንት በኩል ያስወጣዋል። ስለዚህ «ማጽዳት» የሚለው ቃል ለገበያ እንጂ ለሕክምና የተባለ አይደለም።

ከሦስቱ በደንብ የተጠናው ሚልክ ቲስል ነው። ከፍሬው የሚወጣው ሲሊማሪን ብዙውን ጊዜ የተፈተነው በቀን እስከ 420 ሚሊ ግራም ድረስ፣ ያውም ነፍሰ ጡር ባልሆኑ የጉበት ሕመምተኞች ላይ ነው። በእርግዝና ወቅት ይጠቅማል ወይም አይጎዳም ለማለት የሚበቃ ማስረጃ የለም። ጤነኛ ጉበት ያላት ሴት ደግሞ የምታገኘው ጥቅም ስለሌለ፣ ትንሽም ብትሆን ያልታወቀ አደጋን መሸከም ትርጉም የለውም።

ዳንዴሊዮንና አርቲቾክ ግን ሌላ ችግር አላቸው። ሁለቱም የሐሞትን ፍሰት ያነሣሣሉ። በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሐሞት ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ያበዛል፣ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ደግሞ የሐሞት ከረጢት ቀስ ብሎ እንዲጨመቅ ያደርጋል፤ የሐሞት ጠጠር በነፍሰ ጡሮች ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ጠጠር መኖሩን የማታውቅ ሴት ሐሞት የሚያነሣሣ ነገር ስትወስድ ጠጠሩ ተንቀሳቅሶ ቱቦውን ሊዘጋ ይችላል። የሚወስዱት በእንክብል ፈንታ በጠብታ መልክ የሚሸጠውን ዓይነት ከሆነም ይጠንቀቁ፤ የዕፅዋት ጠብታ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው በጠንካራ አልኮል ነው።

ጥያቄ፦ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። በደም ምርመራ ኤኤልፒ የሚባለው ከመደበኛው እጥፍ ሆኖ፣ አልቡሚን ደግሞ ዝቅ ብሎ ታየ። አማቴ ጉበትሽ ተጎድቷልና መራራ ቅጠል ጠጪ ይሉኛል።

መልስ፦ እማማ ያሰቡት ለደግ ነው፤ ነገር ግን የነገሩን ሁለቱ ቁጥሮች በዚህ ወር የጉበት ጉዳት ምልክት አይደሉም። ኤኤልፒ (ALP) ከጉበት የሚወጣ ኢንዛይም ቢሆንም የእንግዴ ልጅም ያመነጨዋል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እጥፍና ከዚያም በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን የሚቀንሰው የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር፣ ማለትም ስለሚቀጥን ነው።

ወረቀቱን እንደገና አውጥተው ኤኤልቲ (ALT)፣ ኤኤስቲ (AST) የተባሉት የጉበት ኢንዛይሞች እና ቢሊሩቢን የተባለው የሐሞት ቢጫ ቀለም የተጻፉበትን መስመር ይመልከቱ። እነዚህ እርግዝና በራሱ የሚያሳድጋቸው አይደሉም። ከፍ ካሉ ምክንያት አላቸው፤ ምክንያቱም መፈለግ ያለበት በዚያው ሳምንት ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ የደም ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ካመመዎ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከግፊት ጋር የሚመጣው የጉበት ጉዳትም ሆነ በድንገት የሚከሰተው የጉበት ስብ በሰዓታት ውስጥ ሊብስ ይችላል፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ማዋለድ ነው።

ጥያቄ፦ 32ኛ ሳምንቴ ነው። መዳፌንና ውስጥ እግሬን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እስከሚነሣኝ ያሳክከኛል። ሽፍታ የለውም። ጉበት የሚያቀዘቅዝ ሻይ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ ይህን ደብዳቤ ከጻፉ በኋላ ካልተመረመሩ ነገ ጠዋት ይመርመሩ። የገለጹት ከሐሞት መጠራቀም ጋር የሚመጣውን የእርግዝና ማሳከክ በጣም ይመስላል፤ ከመዳፍና ከውስጥ እግር ይጀምራል፣ ማታ ይብሳል፣ ከራስ ጥፍር ጭረት በቀር ቆዳ ላይ የሚታይ ነገር የለውም። የጉበት ሴሎች ሐሞትን ወደ ቱቦው የሚያሳልፉበት መንገድ በእርግዝና ሆርሞኖች ይዘገያል፤ መውጣት የነበረበት የሐሞት አሲድም ወደ ደም ይመለሳል። ቆዳን የሚያሳክከው ይኸው ነው። እናቲቱን ያስቸግራታል እንጂ እምብዛም አይጎዳትም፤ አደጋው ያለው ፅንሱ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉት ምርመራዎች ሁለት ናቸው፦ በደም ውስጥ ያለው የሐሞት አሲድ መጠን እና ኤኤልቲ። ምግብ ከተበላ በኋላ በተወሰደ ደም የሐሞት አሲዱ 19 ማይክሮሞል በሊትር ከደረሰ ወይም ካለፈ ሕመሙ አለ ይባላል። 40 ሲደርስ ክትትሉ ይጠናከራል። 100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፅንሱ በማህፀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል በግልጽ ስለሚጨምር ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በ36ኛው ሳምንት አካባቢ ለማዋለድ ይወስናሉ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ማሳከኩ ከደም ውጤቱ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ምርመራ «ደህና ነው» ቢልና ማሳከኩ ቢቀጥል፣ ከሳምንት በኋላ ይደገምልኝ ይበሉ። ብዙዎች የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው።

ሻይን ለምን እንከለክላለን? በመጀመሪያ፣ ሐሞት ያነሣሣሉ የሚባሉት ዕፅዋት የተበላሸውን የሴል በር አይከፍቱም፤ ቀናት ግን ያባክናሉ። ከዚህም ሌላ አረንጓዴ ሻይ በእንክብል፣ እርድ በእንክብል፣ አሽዋጋንዳ የሚባለውም ሥር ራሳቸው የጉበት ጉዳት ያደረሱባቸው ሰዎች አሉ። ከነዚህ አንዱን እየወሰዱ ኤኤልቲ ከፍ ቢል፣ ያመጣው እርግዝናው ይሁን እንክብሉ ለሐኪሙ አይለይም።

ሐኪሙ የሚያዝልዎ ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ ሊሆን ይችላል። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ በአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በቀን። 65 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከ650 እስከ 975 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ተከፋፍሎ ይወሰዳል። (ስሙ «ድብ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው በድብ ሐሞት ውስጥ ነበርና። ዛሬ በፋብሪካ ነው የሚሠራው።) በ2019 ውጤቱ የወጣው ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት መድኃኒቱ ማሳከኩን ጥቂት ከማቅለል ባለፈ ፅንሱን ከአደጋ እንደሚጠብቅ አላሳየም። ስለዚህ መድኃኒቱን ጀመርኩ ብለው ክትትሉን አይተዉ። የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ነገ ማለት የለም።

ከተክል የሚገኝ እርዳታ እዚህ ላይ የሚሠራው በቆዳ ላይ ብቻ ነው፦ ከ1 እስከ 2 በመቶ ሜንቶል ያለው ውሃማ ክሬም። ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ መቀባት፣ በስስ ጥጥ ልብስ መተኛት። ማሳከኩ ከወሊድ በኋላ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። በሌላ እርግዝና ሊመለስ ስለሚችል ለሚከታተልዎ ሁሉ ይንገሩ፤ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ከመጀመርዎ በፊትም ያስታውሷቸው።

ጥያቄ፦ በማስመለስ ብዛት ኤኤልቲዬ ከፍ ብሏል ተባልኩ። ዝንጅብል ጉበትን ያሻሽላል? ስንት ልጠጣ?

መልስ፦ ዝንጅብል ጉበትን አያክምም፤ ማቅለሽለሹን ግን ሊያቀልል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በብርቱ በሚያስመልሳቸው ሴቶች ላይ ኤኤልቲ ከፍ ማለቱ የታወቀ ነው፤ ማስመለሱ ሲቆም አብሮ ይወርዳል። ዝንጅብል የሚጠቅመው በዚህ በኩል ዞሮ ነው።

በጥናቶች የተለመደው መጠን በቀን 1 ግራም ደረቅ ዱቄት ሲሆን፣ በ4 ተከፍሎ በየጊዜው 250 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ወደ 2 ግራም ይመዝናል፤ የቀኑ ድርሻ ስለዚህ ግማሽ ማንኪያ ብቻ ነው። በእርጥቡ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል ለቀኑ ይበቃል፤ ሩብ ሩቡን በአንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምረው ከድነው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ሆድ ባዶ ሆኖ ብዙ ከጠጡ ቃር ያስነሣል፤ ያኔ መጠኑን ይቀንሱ እንጂ ናና አይጨምሩበት፣ ናና የጨጓራን አፍ ስለሚያላላ ቃሩን ያብሰዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር። ለ24 ሰዓት ፈሳሽ ካልረጋልዎ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ከክብደትዎ 5 በመቶ ከቀነሰ ጉዳዩ የዝንጅብል መሆኑ አብቅቷል፤ ፈሳሽና መድኃኒት በደም ሥር ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሄፓታይተስ ቢ ተገኝቶባታል። እርድ በእንክብል ስጣት የሚሉኝ ሰዎች አሉ።

መልስ፦ አይስጧት። እርድ ለወጥ በሚገባው ልክ ችግር የለውም። እንክብሉ ግን ኩርኩሚን የተባለው ክፍል ተነጥሎ የተጠናከረበት ነው፤ በዚያ ላይ ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ፒፐሪን ተጨምሮበት ወደ ደም የሚገባው መጠን በብዙ እጥፍ ያድጋል። ጉበት የተጎዳባቸው ሰዎች ታሪክም የሚያያዘው በአብዛኛው ከዚህ ዓይነቱ እንክብል ጋር ነው። ዱቄቱን ለምግብ ሲገዙም ሥሩን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል፤ ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም የተጨመረበት እርድ ተገኝቷል፣ እርሳስ ደግሞ ወደ ፅንስ ያልፋል።

ቫይረሱን የሚያጠፋ ዕፅ የለም። የሚያስፈልጋት የቫይረሱን ብዛት መለካት ነው። ከ200,000 ዩኒት በሚሊ ሊትር ከበለጠ፣ ከ28ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ቴኖፎቪር የተባለ የቫይረስ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ወደ ልጁ የመተላለፉን ዕድል ይቀንሳል። ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት መውሰድ አለበት፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ቫይረሱን የሚከላከል ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል) ካለ አብሮ ይወጋል። ማጥባት ትችላለች።

ጥያቄ፦ ማርገዜን ሳላውቅ ለሁለት ወር ኮምፍሪ ያለበት የቅጠል ሻይ ጠጣሁ። አሁን ምን ላድርግ? ሌሎቹ ቅጠሎች ምን እንደሆኑ አላውቅም።

መልስ፦ ሻይውን ያቁሙ፤ አይጣሉት ግን። ማሸጊያውን ወይም ከተረፈው ጥቂት ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው፣ መቼ ጀምረው መቼ እንዳቆሙ፣ በቀን ስንት ኩባያ እንደጠጡ ጽፈው ለሐኪምዎ ይውሰዱ። ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲና ቢሊሩቢን ይታዩ፤ የጉበት ጉዳት ዘግይቶም ስለሚታይ ምርመራው ከሳምንታት በኋላ ቢደገም ጥሩ ነው። ሆድ ከተነፋ፣ ክብደት በፍጥነት ከጨመረ ወይም ከቀኝ ጎድን ሥር ካመመ አልትራሳውንድ ይታዘዝልዎ።

ስለ ኮምፍሪ ማወቅ ያለብዎት ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባሉ ውሁዶች እንዳሉት ነው። እነዚህን ጉበት ራሱ ወደ መርዝነት ይለውጣቸዋል፤ መርዙ በጉበት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋል። ወደ ፅንስም ያልፋሉ። እናቱ በእርግዝናዋ ሁሉ እነዚህ ውሁዶች ያሉበትን የዕፅዋት ሻይ በየቀኑ ትጠጣ የነበረ ሕፃን በዚሁ የጉበት ሕመም መሞቱ በ1988 ከስዊዘርላንድ ተዘግቧል። እናቲቱ ራሷ አልታመመችም ነበር፤ «እኔን ምንም አላደረገኝም» የሚለው ማረጋገጫ የማይሠራው ለዚህ ነው። ሁለት ወር ጠጥቶ ማቆም እንደዚያ አይደለምና አይደንግጡ፤ ለሐኪም ሳይናገሩ ግን አይቆዩ።

ስማቸው ያልተጻፈ ቅጠሎች የተቀላቀሉበትን ማንኛውንም ሻይ በዚህ ወቅት ይተዉ። በተለይ ፔኒሮያል የሚባለው የናና ዘመድና የጤና አዳም ዘይት ለጉበትም ለፅንሱም አደገኛ ናቸው። እሬት በሚጠጣ መልኩ፣ ካቫና ብላክ ኮሆሽ የሚባሉት ዕፅዋትም ከዚሁ ዝርዝር ይገባሉ። «ለጉበት» ተብሎ የሚሸጠው የሊኮሪስ ሥር ደግሞ የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ፖታሲየምን ያወርዳል፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊቷን በምትከታተል ሴት ላይ ይህ አደገኛም አሳሳችም ነው። ትኩስ ነገር ከፈለጉ አንድ ዓይነት፣ ስሙን የሚያውቁት ቅጠል፣ በአንድ ኩባያ ከ1 እስከ 2 ግራም፣ በቀን ከሁለት ኩባያ ሳይበልጥ ይጠጡ፤ የብረት ክኒንዎን ከእሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቀው ይዋጡ። ውሃው መፍላት አለበት፤ ለብ ባለ ባልተጣራ ውሃ የተዘፈዘፈ ቅጠል ሄፓታይተስ ኢ ሊያመጣ ይችላል፣ ይህ ቫይረስ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከያዛቸው ነፍሰ ጡሮች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚደርሱትን ሊገድል ይችላል።