ለመንገድም ለትራክም የሚሆን አላይመንት፦ ጥያቄና መልስ

ቨርጂኒያ ውስጥ ጋራዥ ነው የምሠራው። አላይመንት ማሽን ላይ ከቆምኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በዓመት ሦስት አራት ቅዳሜ ደግሞ የራሴን መኪና ይዤ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሳሚት ፖይንት የመኪና ውድድር ትራክ ላይ እገኛለሁ። «ሥራ በምሄድባት መኪና አልፎ አልፎ ትራክ እገባለሁ፤ ምን ላስቀይር?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ስለዚህ ጥያቄ ያለው ሁሉ ይላክልኝ አልኩ። የመጡትን ከነመልሳቸው እነሆ።

አላይመንት ማለት ጎማዎቹ የሚቆሙበትን ማዕዘን ማስተካከል ነው። መጀመሪያ ሦስት ቃላት። ካምበር ማለት መኪናዋን ከፊት ቆመህ ስታያት የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ኔጋቲቭ ይባላል። ቶ ደግሞ ከላይ ሲታይ ነው፤ የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ከገባ ቶ ኢን፣ ወደ ውጭ ከወጣ ቶ አውት። ካስተር የፊት ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ የተጋደመበት ማዕዘን ነው። የብስክሌት ሹካ ወደ ኋላ ጋደም ብሎ የለ? እሱ ነው።

ቶዮታ ጂአር 86 አለኝ። ሁለት ጊዜ ትራክ ገባሁ፤ የፊት ጎማዎቼ የውጭ ጠርዛቸው ተልጦ አለቀ። ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል ሞላና አሞርዛተር) ልግዛ? (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ገና ነህ ወንድሜ፣ አትግዛ። ችግርህ ሞላው ወይም አሞርዛተሩ አይደለም። የዚህች መኪና ካምበር ከፋብሪካ ስትወጣ ፊቷ ላይ ዜሮ አካባቢ ነው። ፊቷ ደግሞ ማክፈርሰን ስትራት ነው፤ አሞርዛተሩ ራሱ ጎማውን ከላይ የሚይዝ ምሰሶ ነው። ኩርባ ውስጥ አካሏ ወደ ውጭ ሲያጋድል ጎማውም አብሮ ያጋድላል። ያኔ ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው የውጭው ጎማ በጠርዙ ይቆማል። ጠርዙ የተላጠው ለዚህ ነው። ጎማው ቆሞ ሳለ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ግን መኪናዋ ስታጋድል ተስተካክሎ ሙሉ እግሩን መሬት ላይ ያሳርፋል።

ይህን ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። ርካሹ ካምበር ቦልት ነው። ስትራቱን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያስረውን ብሎን አውጥተህ መሀሉ ቀጠን ያለና ከመሀል የወጣ ብሎን ትተካለህ። ስታዞረው ጎማውን ያዘነብለዋል። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ዲግሪ ይሰጥሃል። ሁለተኛው ካምበር ፕሌት ነው። የስትራቱን አናት ከላይ ይዞ ወደ ሞተሩ ይስበዋል። ይሄ ውድ ነው፣ ክረምት ላይም ሊንቋቋ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ልዩነት አላቸው። ካምበር ቦልት ጎማውን ወደ ስትራቱ ያስጠጋዋል። ፕሌቱ ግን ስትራቱንና ጎማውን አንድ ላይ ነው የሚያዘነብለው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አይቀየርም። ስለዚህ ሰፊ ጎማ ካለህና ቦልት ካስገባህ እጅህን ከጎማው ጀርባ አስገብተህ ዳስሰው። ትንሿ ጣትህ በጎማውና በስትራቱ መሀል ካላለፈች ጠቧል።

ለአንተ የምመርጠው ካምበር ቦልት ነው። ፊት ቦልቱ የሚሰጥህን ያህል ኔጋቲቭ፣ ከ2 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ኋላ 1.5 አካባቢ፣ የፊቱ ቶ ዜሮ፣ የኋላው ትንሽ ቶ ኢን። ብሎኖቹ በፋብሪካው ልክ ከጠበቁ በኋላ ከብሎኑ ራስ እስከ ስትራቱ ድረስ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አስምርባቸው። እነዚህ ብሎኖች ጉድጓድ ስትመታ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ጎንበስ ብለህ ስታይ መስመሩ ከተሰበረ ካምበርህ ሄዷል ማለት ነው።

ኔጋቲቭ ካምበር ጎማ ይበላል ይሉኛል። እኔ በቀን 60 ማይል እነዳለሁ። (ውድብሪጅ)

ካምበር ትንሽ ይበላል። ጎማ ጨራሹ ቶ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ጎማ 0.2 ዲግሪ ብቻ ቢጣመም በየማይሉ ወደ 5.6 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። በ60 ማይል 340 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በየቀኑ ጎማህን የሦስት ኳስ ሜዳ ርዝመት በጎኑ አስፋልት ላይ እንደመጎተት ቁጠረው።

በቅርቡ አንድ ልጅ ሲቪክ ይዞ መጣ። የፊት ጎማዎቹ ከውጭ ሲታዩ አዲስ ናቸው። መሪውን ሙሉ አዙሬ ከውስጥ በኩል ሳይ ሽቦው ወጥቷል። «ካምበሩ በላው፣ አጥፋልኝ» አለኝ። ስለካው ካምበሩ 2.2 ነው፤ ደህና ነው። ቶው ግን በጣም ወደ ውጭ ተከፍቷል። ሌላ ቦታ ካምበሩን ቀይረውለት ቶውን ሳይነኩት ለቀውታል። ካምበር ሲነካ ቶ አብሮ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚስተካከለው ቶ ነው። ካምበሩን እንዳለ ትቼ ቶውን ዜሮ አደረግኩለት።

ስለዚህ ካምበር 2 ዲግሪ፣ ቶ ዜሮ አድርገህ፣ ጎማህን በጊዜው እያዟዟርክ ንዳ። ሀይዌይ ላይ የውስጡ ጠርዝ ትንሽ ቀድሞ ያልቃል። ትራክ ላይ የውጭው ይሠራል። አንዱ ሌላውን ያካክሳል።

የሰጡኝ ወረቀት ላይ −1°30′ ይላል። ጓደኛዬ 1.3 ነው አለኝ። (አትላንታ)

አይደለም፣ 1.5 ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው። 30 ደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ነው። ማሽኑ በየትኛው እንደሚጽፍ ሳትጠይቅ ቁጥር ከሰው ጋር አታወዳድር።

ማዝዳ ኤንዲ ሚያታ ገዛሁ። ምን ካምበር ኪት ይሻለኛል? (ዴንቨር)

ምንም አትግዛ። ሚያታ ፊቷ በሁለት ክንድ የተያዘ ነው፤ አካሏ ሲያጋድል ጎማው እንደ ስትራት ዝም ብሎ አብሮ አይወድቅም። የታችኛው ክንድ ላይ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ የሚስተካከሉ ብሎኖች አስቀምጧል። በእነሱ ካምበርም ካስተርም ይገኛል። አንዱን ሙሉ ከወሰድክ ከሌላው ይቀንሳል፤ ለትራክ ካምበሩን አስቀድም። የተረፈህን ገንዘብ ጥሩ ጎማና ለሙቀት የሚበረታ የፍሬን ዘይት ላይ አውለው። እንዲህ ዓይነት መኪና ስላለህ ዕድለኛ ነህ።

ትክክለኛው ካምበር ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ቮልስዋገን ጂቲአይ ነው የምነዳው፤ በየኢንተርኔት መድረኩ የሚሰጡት ቁጥር ይለያያል። (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ ከሁሉ የወደድኩት ያንቺን ጥያቄ ነው። ቁጥሩን ከሰው አትውሰጂ፤ ጎማሽ ይንገርሽ።

አንድ ጠመኔ ያዢ። ትራክ ከመግባትሽ በፊት በእያንዳንዱ ጎማ ትከሻ ላይ፣ ጥርሱ አልቆ ጎኑ በሚጀምርበት ቦታ፣ ሦስት አራት መስመር ወደ ታች አስምሪ። ብዙ ጎማዎች እዚያው ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አላቸው። ሃያ ደቂቃ ነድተሽ ስትወጪ ተመልከቺ። ጠመኔው እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ከጠፋ መልካም ነው። ከምልክቱ አልፎ ወደ ጎኑ ከወረደ ጎማው እየተገለበጠ ነው፤ ወይ ንፋስ ያንሰዋል ወይ ካምበር ያንሰዋል። መጀመሪያ ንፋሱን አስተካክዪና ድገሚው። ያው ከሆነ ካምበር ነው።

ቀጥሎ ሙቀት መለኪያ። ጎማው ውስጥ ትንሽ የሚገባ መርፌ ያለው ይሻላል፤ ከላይ በጨረር የሚለካው ላዩን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከትራክ ወጥተሽ ሳትዘገዪ ውስጡን፣ መሀሉን፣ ውጩን ለኪ። ውጩ ከውስጡ የሚሞቅ ከሆነ ካምበር ጨምሪ። ውስጡ ትንሽ፣ አምስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ቢበልጥ ጥሩ ቦታ ላይ ነሽ። ውስጡ በጣም ከበለጠ አብዝተሻል፤ ቀጥ ብለሽ ፍሬን ስትይዢም ጎማው ሙሉውን መሬት አይነካልሽም። መሀሉ ከሁለቱም ከሞቀ ንፋስ በዝቶበታል።

ሁሉንም ማስታወሻ ላይ ጻፊ። ሳሚት ፖይንት ዋናው ትራክ 2 ማይል፣ 10 ኩርባ ነው፣ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ቀኝ ኩርባ ስለሚበዛ የፊት ግራው ጎማ ከሁሉም ይለፋል። የምታምኚው የእሱን ቁጥር ይሁን።

ለትራክ ሲባል ትንሽ ቶ አውት ባደርግስ? (ዳላስ)

ፊቱ ላይ መኪናዋን መሪ ስትሰጣት ፈጥና እንድትታጠፍ ያደርጋታል፤ እውነት ነው። ግን በማታ፣ በዝናብ፣ ከጭነት መኪና ጎን ሀይዌይ ላይ መሪዋ ወዲያና ወዲህ ይልብሃል። ቤተሰብ የምትጭንበት መኪና ላይ አላደርገውም። የኋላው ጎማ ላይ ደግሞ በጭራሽ። በፍጥነት ኩርባ ውስጥ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ኋላዋ ሊያመልጥህ ይችላል።

አዲስ አበባ ነኝ። ቪትዝ አለኝ። ዝቅ እንድትልና ኩርባ እንድትይዝ ሞላውን ላስቆርጥ? (ገርጂ)

እባክህ ወንድሜ፣ አታስቆርጥ። የተቆረጠ ሞላ መቀመጫው ላይ በልኩ አይቀመጥም። መኪናዋ ጎርበጥ ያለ ነገር ላይ ዘላ ስትወርድ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ሌላም አለ። ስትራት ያላት መኪና አብዝታ ዝቅ ስትል የታችኛው ክንድ ወደ ላይ ይገለበጣል። ያኔ መሪ ሳትነካ ጉብታ ላይ ጎማው ራሱ ይዞራል፣ ማጋደሉም ይብሳል። ኮብልስቶንና ጉብታ ላይ ደግሞ ሆዷ ይላጋል። የቪትዝ የኋላ እግር አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ካምበሩም ቶውም በብሎን አይስተካከልም። ያለህን ገንዘብ ቡሾቹንና የመሪ ዘንግ ጫፎቹን ማስፈተሽ ላይ አውለው። የላላ ነገር ካለ የትኛውም አላይመንት ከጋራዡ በር አያልፍም።

ካምበር ፕሌት አስገባሁ። ትራክ ስደርስ ወደ ውስጥ ስቤ ማታ ወደ ቦታው ልመልሰው? (ሲያትል)

ቶው አብሮ ይሄዳል ብያለሁ። ወዴት እንደሚሄድ እንደ መኪናው ይለያያል። ከፈለግክ ማሽን ላይ ሆነህ በሁለቱም ቦታ አስለካ፤ የየቦታውን ቶ ጻፍ። በዓመት ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ የምትገባው ግን አንድ ቦታ ላይ አስረህ ተወው። እኔ የራሴን 2.2 ላይ ካሰርኩ በኋላ ነክቼው አላውቅም።

አላይመንት ቤት ስሄድ ምን ልበላቸው? ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ክርክር አልወድም። (ሌስበርግ)

አባቴ፣ ክርክር አያስፈልግም። የሚፈልጉትን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይስጡ። ብዙ ማሽን ልኩ ፋብሪካው ከፈቀደው ክልል ውስጥ ከገባ አረንጓዴ ያሳያል። ያ ክልል ሰፊ ነው። ግራው በአንዱ ጫፍ ቀኙ በሌላው ጫፍ ሆነው ሁለቱም አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ። «አረንጓዴ ይሁን» ሳይሆን «ይሄ ቁጥር ይሁን፣ ግራና ቀኙም እኩል ይሁን» ይበሉ። ሲሄዱ ነዳጁ ግማሽ ይሁን፣ የጎማው ንፋስ በልኩ ይሁን፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው ዕቃ ይውረድ። ፈቃደኛ ከሆኑ የእርስዎን ክብደት የሚያህል ነገር ሾፌሩ ወንበር ላይ ይጫኑ። የፊቱንም የኋላውንም የያዘ ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ።

አላይመንት ከተሠራ በኋላ መኪናዬ ወደ ቀኝ ትስባለች። (ሚኒያፖሊስ)

የአሜሪካ መንገድ ለውኃ ሲባል ወደ ቀኝ ጠርዙ ዘቅዘቅ ይላል፤ ትንሽ ብትስብ ከዚያ ነው። ከበዛ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያይርና ንዳት፤ ጎማው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ዓይነት ካልሆነ። አሁን ወደ ግራ ከሳበች ችግሩ ጎማው ነው። አሁንም ወደ ቀኝ ከሆነ ወረቀቱን አውጥተህ የግራውንና የቀኙን ካምበርና ካስተር አስተያይ። መኪና ኔጋቲቭ ካምበሩ ወዳነሰበት፣ ካስተሩም ወዳነሰበት ጎን ትስባለች። ልዩነት ካየህ ወረቀቱን ይዘህ ተመለስና ያስተካክሉልህ።